የኪልን ኦፕሬተርነት ከወንበሩ ላይ ይለመዳል ወይስ ከመጽሐፍ?

ጠያቂ፦ ተለማማጁ ከማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። በኬሚካል ምህንድስና ተመርቄ በአንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ የቁጥጥር ክፍል ውስጥ በተለማማጅ የኪልን (ሲሚንቶ የሚበስልበት ትልቅ ተሽከርካሪ ምድጃ) ኦፕሬተርነት እየሠራሁ እገኛለሁ። ጥያቄዬ ስለ ደመወዝም ስለ አስተዳደርም አይደለም፤ የሙያ ጥያቄ ነው። በፋብሪካም ሆነ በኃይል ማመንጫ የሠራችሁ የጎጃም ልጆች ካላችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

አጠገባቸው ተቀምጬ የምማርባቸው ነባር ኦፕሬተር በአንድ ፈረቃ ውስጥ ብዙ ነገር አይነኩም። እኔ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ ስከታተል እውላለሁ፤ እሳቸው ግን ሻያቸውን እየጠጡ ሳሉ ድንገት የከሰሉን መጠን በጥቂቱ ይቀንሳሉ። ለምን እንደቀነሱ ስጠይቃቸው መልሳቸው «እየሞቀ ነው» የሚል ብቻ ነው። በዚያች ደቂቃ የሙቀት መለኪያው ገና አልተነቃነቀም። ቆይቶ ግን ላቦራቶሪው የክሊንከሩን (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን፣ ከኪልኑ በስሎ የሚወጣውን ድንጋይ) ፍሪ ላይም፣ ማለትም ሳይዋሃድ የቀረውን ኖራ ለክቶ ሲልክ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ፣ ማለትም ክሊንከሩ ከሚገባው በላይ በስሎ ይገኛል፤ እሳቸው ያሉት ትክክል ነበር ማለት ነው።

በዩኒቨርሲቲ የተማርነው የቁጥጥር ትምህርት ግልጽ ነበር፤ መለኪያው ከተፈለገው ቁጥር ሲርቅ ታስተካክላለህ፣ ሲመለስ ትተዋለህ። እዚህ በዚያ መንገድ ኪልን የሚነዳ ሰው አላየሁም። ታዲያ እሳቸው የሚያዩት እኔ የማላየው ምንድን ነው? እንዲህ ያለው እውቀት አጠገባቸው በመቀመጥ ብቻ የሚገኝ ነው ወይስ ጠይቆና አንብቦ ማፍጠን ይቻላል? ምክንያቱን ደጋግሜ ስጠይቃቸው የሚሰለቹ ስለሚመስለኝ አጠያየቁንም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የእሳት ዘበኛ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደስታ አነበብኩት። እኔ አሁን ጡረታ ወጥቼ ወደ ቢቸና ተመልሻለሁ፤ ጉልበቴን የጨረስኩት ግን ኪልን ፊት ነው። ሰውየው ምስጢር የሚደብቁህ አይመስለኝም።

ከሁሉ አስቀድመህ ጊዜውን ተማር። ጥሬ ዱቄቱ የፕሪሂተሩን (የቅድመ ማሞቂያውን) ሳይክሎኖች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልፋቸዋል፤ ኪልኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን እየተንከባለለ ሄዶ ኩለሩ (ማቀዝቀዣው) ላይ እስኪወድቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በሚበስልበት ቀጠና ዕቃው ራሱ ወደ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ከሰል ስትጨምር ነበልባሉ ወዲያው ይለወጣል፤ የኪልኑ የውስጥ ጡብና በጡቡ ላይ የተጋገረው ኮቲንግ ግን ሙቀቱን ጠጥተው እስኪጠግቡ ይቆያሉ። በዚያ ላይ ናሙናው ከኩለሩ ተወስዶ፣ ተፈጭቶ፣ ተለክቶ ውጤቱ እስኪመጣ የሚጠፋውን ጊዜ ጨምርበት። እጅህ ላይ ያለው የፍሪ ላይም ቁጥር የሚነግርህ ኪልኑ ቀደም ሲል ምን እንደነበረ ነው። በዚያ ቁጥር ተመርተህ እሳት ብትጨምር ያለፈውን ኪልን ልታስተካክል ስትል ያሁኑን ታበላሻለህ።

የሚያዩት ምንድን ነው ላልከው፣ አብዛኛውን ጊዜ የዋናው ሞተር ጭነት ነው። ዕቃው በደንብ ሲበስል ከፊሉ ይቀልጥና ይጣበቃል፤ ኪልኑ ሲዞርም በግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ሞተሩን ይከብደዋል። ሲበርድ ደግሞ ዱቄት ሆኖ ከሥር ይንሸራተታል፤ ሞተሩም ይቀለዋል። ይህ ምልክት ከላቦራቶሪው ብዙ ቀድሞ ይመጣል። በጭስ ጋዙ ውስጥ ያለው የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠንም ከነበልባሉ ሙቀት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ይሁንና አንዱም ብቻውን አይታመንም። ትልቅ ኮቲንግ ተገንጥሎ ሲወድቅ ሙቀቱ ሳይለወጥ የሞተሩ ጭነት ሊዘል ይችላል፤ ያን ጊዜ ጭነቱን ብቻ አይቶ እሳት የሚቀንስ ሰው ኪልኑን ያበርደዋል። ስለዚህ ነባሩ ሰው አንዱን ቁጥር ሲያዩ ሌሎቹ ሁለት ሦስቱ ይስማሙ እንደሆነ እያስተያዩ ነው፤ ማስተያየቱ ከመልመዱ የተነሳ ለእሳቸውም ሥራ መስሎ አይታያቸውም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። የበረደ ኪልን ላይ ከሰል መጨመር የሚጠቅመው ኦክስጅን ካለ ብቻ ነው። አየር ሳይበቃ ከሰል ብትጨምር ሳይቃጠል የቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል፣ ነበልባሉም ጭራሽ ይቀዘቅዛል። አዲስ ሰው ይህን ሲያይ «ከሰሉ አነሰ» ብሎ ይደግመዋል።

እናቶቻችን አረቄ ሲያወጡ ዓይናቸው ከጋኑ ሥር ከሚነደው እሳት ይልቅ ከሸምበቆው ጫፍ ጠብታው ላይ ነበር። እንጨት ከጨመሩ በኋላ ጠብታው እስኪለወጥ ሌላ አይጨምሩም፤ ከቸኮሉ ድፍድፉ ገንፍሎ በሸምበቆው ይመጣና አረቄው ይደፈርሳል። የኪልን ሥራ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ምክሬ አጭር ነው። ትንሽ ደብተር ያዝ። ነባሩ ኦፕሬተር አንድ ነገር ሲነኩ ሰዓቱን፣ የነኩትንና መጠኑን ጻፍ፤ ከዚያም ማንንም ሳትጠይቅ «ከዚህ በኋላ የሞተሩ ጭነት በዚህ ያህል ደቂቃ ውስጥ ይህን ይሆናል» ብለህ ግምትህን ከጎኑ አስፍር። ሰዓቱ ሲደርስ ትሬንዱን (ቁጥሩ በጊዜ ውስጥ የሄደበትን መሥመር) ከፍተህ አመሳክር። ግምቱ ከለውጡ በፊት መጻፍ አለበት፤ ውጤቱን ካየ በኋላ ሁሉም ሰው አዋቂ ነው። ሁለተኛ፣ ከወንበርህ ተነሥተህ ውረድ። በሰማያዊው መስታወት እሳቱን እይ፤ ኩለሩ ላይ የሚወድቀው ክሊንከር ድቡልቡል ነው ወይስ አቧራ የበዛበት እንደሆነ በዓይንህ ተመልከት። መጽሐፉን ግን ለጊዜው ዝጋው።

መልስ፦ መምህር ከባሕር ዳር

ከላይ የጻፉት ታላቃችን ስለ ጊዜው መዘግየትና ስለ ደብተሩ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን አልስማማም። ከመለያየታችን በፊት የሚያስማማንን ላስቀድም።

ነባር ኦፕሬተር የሚያውቀውን መናገር አለመቻሉ በጥናት የታወቀ ነገር ነው። ዳያን ቤሪ እና ዶናልድ ብሮድቤንት የተባሉ እንግሊዛውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎችን በኮምፒውተር ላይ ምናባዊ የስኳር ፋብሪካ እንዲያስተዳድሩ አደረጓቸው። ተሳታፊው የሠራተኛውን ቁጥር እየወሰነ ምርቱን በተፈለገው መጠን ላይ ማቆየት ነበረበት። አስቸጋሪው ነገር የዛሬው ምርት በዛሬው የሠራተኛ ቁጥር ብቻ የሚወሰን አለመሆኑ ነው፤ ያለፈው ዙር ምርትም ይገባበታል፣ በዚያ ላይ ጥቂት የዕድል መዋዠቅ አለ። ሰዎቹ በተለማመዱ ቁጥር ፋብሪካውን መምራት ቻሉ፤ እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፍ ሲጠየቁ ግን መልሳቸው አልተሻሻለም። በአንጻሩ በቃል ማብራሪያ የተሰጣቸው ሰዎች ጥያቄውን በተሻለ ሁኔታ መለሱ፤ አመራራቸው ግን በዚያ ምክንያት አልተሻሻለም። መሥራትና ማስረዳት በተለያየ መንገድ የሚገቡ እውቀቶች ናቸው ማለት ነው። ይህ በቀላል ጨዋታ ላይ የተደረገ ሙከራ ስለሆነ እንዳለ ወደ ኪልን ማምጣት አይገባም፤ «ለምን?» ብለህ ስትጠይቃቸው የሚሰለቹትን ሰው ግን በደንብ ይገልጻቸዋል።

ስለዚህ አጠያየቅህን ለውጥ። «ለምን ቀነሱት?» የሚለው ጥያቄ ሰውየውን ንድፈ ሐሳብ እንዲፈጥሩ ያስገድዳቸዋል። «አሁን ከቀነሱት በኋላ መጀመሪያ የሚነቃነቀው የትኛው መሥመር ነው?» ወይም «ግምትዎ ባይሳካ በምን ያውቁታል?» ብትላቸው ዓይናቸው ያለበትን ያሳዩሃል። አንዳንዱ እውቀት ደግሞ በትዕግሥት ከተጠየቀ ይጻፋል። የዴንማርክ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኪልንን በፈዚ ሎጂክ (እንደ «ትንሽ» እና «በመጠኑ» ባሉ ግምታዊ ቃላት በሚሠራ ስሌት) የሚቆጣጠር ዘዴ ሲሠሩ መነሻ ያደረጉት «ሙቀቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ኦክስጅኑ የሚበቃ ከሆነ ከሰሉን በመጠኑ ጨምር» የሚል ዓይነት የኦፕሬተር ደንብ ነበር።

የማልስማማበት ነጥብ ይህ ነው። ልምድ ያየኸውን ሁኔታ ያስተምርሃል፤ አይተኸው የማታውቀው ሁኔታ ሲመጣ ግን ራሱ ልምዱ ሊያሳስትህ ይችላል። በአሜሪካ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው የኑክሌር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1979 የሆነውን ተመልከት። በግፊት መጠበቂያው ጋን አናት ላይ ያለ ቫልቭ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ። በቁጥጥር ክፍሉ የነበረው መብራት ያመለከተው ቫልቩ እንዲዘጋ ትእዛዝ መሰጠቱን እንጂ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረም። ውኃው በተከፈተው ቫልቭ እየወጣ ሳለ በጋኑ ውስጥ ያለው ከፍታ ጨመረ። ኦፕሬተሮቹ ጋኑ ጢም ብሎ እንዳይሞላ አጥብቀው እንዲጠነቀቁ ሠልጥነው ስለነበር በራሱ ተነሥቶ የነበረውን የአደጋ ጊዜ ውኃ ቀነሱት። የሬአክተሩ እምብርት ከውኃ በላይ ቀርቶ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። የተለማመዱትን ደንብ በታማኝነት ተከትለዋል፤ ደንቡ የተሠራው ግን ለሌላ ሁኔታ ነበር።

በቴክሳስ ሲቲ የነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 የደረሰው አደጋም ከዚህ ጋር ይዛመዳል። ነዳጅ የሚለይበት ማማ ሥራ ሲጀምር ፈሳሹ ከሦስት ሰዓት በላይ ሳይወጣ ገባበት፤ የከፍታ መለኪያው ግን እየቀነሰ ነው ይል ነበር፤ 15 ሰዎች ሞቱ። እዚህ ቦታ የሚያድነው «ስንት ገባ? ስንት ወጣ? የቀረው የት አለ?» የሚለው የመጀመሪያ ዓመት የኬሚካል ምህንድስና ሒሳብ ነው። ተለማማጁ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል፤ ነባሩ ኦፕሬተር ደግሞ ትሬንዱን ያውቁታል። እባክህ መጽሐፉን አትዝጋው።

መልስ፦ ውኃና መብራት

እኔ በውኃ ኃይል ማመንጫ የምሠራ ነኝ። የጣቢያዬን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ አገራችን ሰው ሁሉ ጣና በለስን ስለሚያውቀው በእሱ ላስረዳ። በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ የጀመረ፣ አራት ተርባይኖች ያሉት፣ በድምሩ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ ከጣና ውኃ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ወደ በለስ የሚያወርድ ጣቢያ ነው።

የመዘግየቱ ጉዳይ በእኛም ዘንድ አለ፤ የእኛው ግን በመጀመሪያ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል። የተርባይኑን የውኃ በር ከፈት ስታደርገው ኃይሉ ወዲያው ይጨምራል ብለህ ትጠብቃለህ። በቧንቧው ውስጥ ያለው የውኃ ዓምድ ከባድ ስለሆነ ግን ፍጥነቱ በቅጽበት አይጨምርም፤ በሩ ሲሰፋ ግፊቱ ይወድቅና ኃይሉ ለአጭር ጊዜ ይቀንሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚወጣው። ይህን የማያውቅ ሰው በእጅ እየነዳ ኃይሉ ሲቀንስ ካየ በሩን ጨምሮ ይከፍተዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ኃይሉ ከሚፈለገው በላይ ሲወጣበት ደግሞ በድንገት ሊዘጋው ይሞክራል። በድንገት መዝጋት ማለት የሚወርደውን ውኃ በሙሉ በአንድ ጊዜ ማስቆም ስለሆነ የውኃው ምት ቧንቧ ሊጎዳ ይችላል። ረጅም ዋሻ ባላቸው ጣቢያዎች ደግሞ ግፊቱን ለማርገብ በተሠራው ጉድጓድ ውስጥ ውኃው ለደቂቃዎች ሲወጣና ሲወርድ ይቆያል፤ አንዱ ለውጥ ሳይረጋ ሌላ ለውጥ ብትደርብበት ሁለቱ ሊደጋገፉ ይችላሉ።

ከዚህም የባሰ ዝግተኛ አለ፤ እሱም ራሱ ሐይቁ ነው። ጣና 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ ማለት 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፤ ሐይቁ ግን ጫፍ የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ነው። አባይ ከጣና በሚወጣበት በጨራ ጨራ በር ላይ የሚወሰን ውሳኔ ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ በበጋው መጨረሻ ነው። ባሕር ዳር ያላችሁ ሁሉ የጢስ እሳት ፏፏቴ ሲሳሳ የምታዩት ከዚሁ የውኃ ክፍፍል ጋር የተያያዘ ነው፤ ግን ይህ ሌላ ክርክር ስለሚከፍት እዚህ ላይ ልተወው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። በእኛ ሥራ ትልቁ ችግር መለማመጃ ማጣት ነው። ጎቨርነሩ (የተርባይኑን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) በሩን ራሱ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ እኛ እንመለከታለን። ሊዛን ቤይንብሪጅ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ገና እ.ኤ.አ. በ1983 ይህንን በግልጽ ጽፋለች፤ መሣሪያው ቀላሉን ሥራ ወስዶ ለሰው የሚተውለት ንድፍ አውጪው በራስ ሰር ማሠራት ያቃተውን ከባዱን ነው፤ ሰውየው ግን በየቀኑ በእጁ ስለማይነዳ ችሎታው ይዝጋል፤ በክፉ ቀን ሥራውን ሲረከብ ከማንኛውም ጊዜ የተሻለ ችሎታ ይጠበቅበታል። እንዲሁም በእጅ የሚነዱ ኦፕሬተሮች ፈረቃቸው ከመጀመሩ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ቀድመው እንደሚገቡ ጠቅሳለች፤ ምክንያቱም ሂደቱ ወዴት እያመራ እንደሆነ ስሜቱን ሳይዙ ወንበሩን መረከብ ስለማይፈልጉ ነው። ተለማማጁ ሌላውን ምክር ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህን ቢይዝ ይጠቅመዋል። ቀድመህ ግባና ተረካቢውና አስረካቢው ሲነጋገሩ አድምጥ፤ በቀን ውስጥ የማይነገሩ ነገሮች የሚነገሩት ያን ጊዜ ነው።

ስለ አላርም ማንም አላነሣም። በዌልስ ሚልፎርድ ሄቨን በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ የነዳጅ ማጣሪያ ከመፈንዳቱ በፊት በነበሩት የመጨረሻ 11 ደቂቃዎች ሁለት ኦፕሬተሮች 275 አላርም መጥቶባቸዋል። ይህን የሚችል ሥልጠና የለም። ስለዚህ አላርሙን እየተከተልክ መሥራትን አትልመድ።

ጠያቂ፦ ተለማማጁ ከማርቆስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደብተሩን ጀምሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በእኛ ፋብሪካም ኪልኑን በራሱ የሚነዳ ሶፍትዌር አለ፤ ሁኔታው ሲረጋጋ ነባሮቹ ያበሩታል፣ ሲበላሽ ያጠፉታል። በዚህ ምክንያት እኔ በእጅ ሲነዳ የማየው ሁሉም ነገር በተረበሸበት ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለተለማማጅ ወንበር የሚለቅ የለም። ጋሼ የእሳት ዘበኛ፣ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ የትኛውን ፈረቃ ይጠይቁ ነበር?

መልስ፦ የእሳት ዘበኛ

መምህሩ ስለ መጽሐፉ የተናገሩትን ተቀብያለሁ፤ «ለጊዜው» ማለቴን ግን ልብ ይበሉልኝ። ሒሳቡን የሚያውቅ ልጅ የሒሳቡን ውጤት ከእሳቱ አስበልጦ ሲያምን ብዙ አይቻለሁ።

ልጄ፣ እኔ ብሆን ጡብ ተቀይሮ ኪልኑ ከብርድ የሚነሣበትን ጊዜ እጠይቅ ነበር። ያን ጊዜ ሶፍትዌሩ አይሠራም፣ የምርት ጥድፊያም የለም። ጡቡ እንዳይሰነጠቅ ሙቀቱ በተወሰነለት መሥመር ቀስ እያለ፣ አንድ ቀንም ከዚያም በላይ እየፈጀ ነው የሚወጣው። ኪልኑ መጀመሪያ በረዳት ሞተር ሩብ ዙር እየዞረ ይቆማል፤ እየሞቀ ሲሄድ መዞሩ ይደጋገማል። ሁሉም ነገር በዝግታ ስለሚሄድ ከሰል፣ አየርና ሙቀት እንዴት እንደሚከታተሉ አንድ በአንድ ታያለህ። ነባሮቹም ሌሊቱ ስለሚረዝምባቸው ወንበሩን ደስ ብሏቸው ይሰጡሃል።

ሁለተኛው መብራት ሲጠፋ ነው። የጋለ ኪልን ቆሞ ከቀረ ቱቦው በክብደቱ ይጎብጣል፤ ስለዚህ ረዳቱ ዲዝል ሞተር ተነሥቶ ኪልኑ በየጊዜው መዞር አለበት። በክረምት ዝናቡ አንዱን ወገን ስለሚያቀዘቅዘው መዞሩ ቶሎ ቶሎ ይሆናል። አብዛኛው ተለማማጅ መብራት ሲጠፋ ወደ ሻይ ቤት ይሄዳል። አንተ ግን ዲዝሉን ከሚያስነሣው ሰው ጋር ቁም፤ ኪልኑ በቆመ በስንት ደቂቃ ውስጥ መዞር እንደጀመረ መዝግብ፤ መብራቱ ሲመጣም የአየር ማራገቢያዎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚነሡና ከሰል ከመከፈቱ በፊት ምን ምን እንደሚጣራ ጻፍ። ያን ቅደም ተከተል ሳታይ ጻፈው ብትባል የምትችልበት ቀን ሲመጣ፣ ወንበሩን ለመጠየቅ አትፈር።

መልስ፦ ውኃና መብራት

በዲዝሉ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ መብራት ባለበት ቀንም መነሣት አለመነሣቱን የሚሞክረው ማን እንደሆነና መቼ እንደተሞከረ ጠይቅ። በእኛም ጣቢያ ከተጠባባቂ ጄነሬተሩ ይልቅ የሚያሳስበን ባትሪው ነው።